ደመወዙን ማን ይከፍለዋል? ሐኪም የሆስፒታል አለቃ ሲሆን

በኖቬምበር 1960 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካ ኢሊኖይ ግዛት አንድ የ18 ዓመት የኮሌጅ ተማሪ የአሜሪካ እግር ኳስ ሲጫወት እግሩ ተሰበረ። ቻርልስተን በምትባል ከተማ ወዳለው ሆስፒታል ወሰዱት። የዕለቱ ተረኛ ሐኪም አጥንቱን አስተካክሎ በጀሶ አሰረለት። ብዙም ሳይቆይ ሕመሙ በረታ፤ ከጀሶው ውጭ የሚታዩት ጣቶቹ አበጡ፣ ጠቆሩ፣ ቀዘቀዙ። ነርሶች ይገባሉ፣ ይወጣሉ። ሐኪሙም ይመላለሳል። ሌላ ሐኪም ይየው ያለ ግን አልነበረም። ልጁ ሁለት ሳምንት ያህል እዚያው ተኝቶ ከቆየ በኋላ ሴንት ሉዊስ ወደሚገኝ ትልቅ ሆስፒታል ተዛወረ፤ በመጨረሻም እግሩ ከጉልበቱ በታች ተቆረጠ።

ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ። ሐኪሙ 40 ሺህ ዶላር ከፍሎ በስምምነት ወጣ። ሆስፒታሉ ግን ክርክሩን ቀጠለ። ሐሳቡ ሲጠቃለል እንዲህ ነው፦ ሐኪሙ ራሱን ችሎ የሚሠራ ባለሙያ ነው፤ እኛ አልጋና ነርስ እናቀርባለን እንጂ ሕክምና አንሰጥም፤ ስለዚህ ሐኪሙን እንዲህ አድርግ፣ እንዲያ አታድርግ የማለት ሥልጣንም የለንም፣ ግዴታም የለብንም። የኢሊኖይ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1965 ይህን አልተቀበለም። የሆስፒታሉን የራሱን መተዳደሪያ ደንብ፣ የግዛቱን የፈቃድ መመሪያና የዕውቅና ሰጪውን አካል መመዘኛ እያነሳ፣ ነርሶቹ የእግሩን የደም ዝውውር በየጊዜው አይተው ችግሩን ለበላይ ማድረስ ነበረባቸው፣ ሆስፒታሉም ሌላ ሐኪም እንዲያየው ማድረግ ነበረበት በሚል የተፈረደውን 110 ሺህ ዶላር አጸና። የዳርሊንግ ጉዳይ በመባል የሚታወቀው ይህ ፍርድ እስከ ዛሬ በአሜሪካ የሆስፒታል ሕግ ትምህርት ውስጥ ይጠቀሳል።

ፍርዱ ለሆስፒታል ቦርዶች አንድ ችግር ጥሎ አለፈ። ተጠያቂው ተቋሙ ከሆነ፣ በተቋሙ ስም ሐኪሙን «ይህን ጀሶ ክፈተው» የሚለው ማን ነው? አስተዳዳሪው ሕክምና አያውቅም። ነርሷ ብትደፍር እንኳ በዚያ ዘመን የሚሰማት አልነበረም። ባልደረባው ሐኪም ደግሞ በሌላው በሽተኛ ምን አገባው? በአሜሪካ የደመወዝተኛው ሐኪም አስተዳዳሪ ወንበር እየሰፋ የሄደው በዚህ ክፍተት ውስጥ ነው። ሙግቱ ሲነሳ አብዛኛው ሰው የሚጠይቀው «ሐኪም ማስተዳደር ይችላል ወይ?» ብሎ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፦ ይህን ሰው ማን ይከፍለዋል? ከወንበሩስ ማን ሊያነሳው ይችላል?

ጉዳዩን ለመረዳት የአሜሪካውን ሆስፒታል የቀድሞ አወቃቀር ማየት ያስፈልጋል፤ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ በጣም እንግዳ ነውና። እኛ ሆስፒታል ስንል ሐኪሙም፣ ነርሷም፣ ጥበቃውም ከአንድ ካዝና የሚከፈሉበትን ቤት ነው የምናስበው። እዚያ ግን በሃያኛው ክፍለ ዘመን አብዛኛው ሐኪም በከተማው ውስጥ የራሱ ክሊኒክ ያለው፣ በራሱ የሚተዳደር ባለሙያ ነበር። በሽተኛው የእሱ ነው። አስተኝቶ ማከም ሲያስፈልገው፣ ሆስፒታሉ በሰጠው የመሥራት ፈቃድ ያስገባዋል፣ ያክመዋል፣ ሒሳቡን ለብቻው ይቀበላል። ሆስፒታሉም ለአልጋው፣ ለነርሷና ለቀዶ ሕክምና ክፍሉ የራሱን ያስከፍላል። በሽተኛው ከአንድ ሕንፃ ሁለት ደረሰኝ ይዞ ይወጣል።

ሐኪሞቹ ደግሞ የየራሳቸው ሰዎች ይሁኑ እንጂ ማኅበር ነበራቸው። የአሜሪካ ቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ በ1910ዎቹ መጨረሻ ሆስፒታሎችን መፈተሽ ሲጀምር፣ 100 እና ከዚያ በላይ አልጋ ካላቸው 692 ሆስፒታሎች ውስጥ ዝቅተኛውን መመዘኛ ያሟሉት 89 ብቻ ሆነው ተገኙ። ከመመዘኛዎቹ አንዱ በየሆስፒታሉ የሚሠሩ ሐኪሞች ተደራጅተው፣ ደንብ አውጥተው፣ በየወሩ እየተሰበሰቡ የራሳቸውን ሥራ እንዲገመግሙ የሚያዝ ነበር። በ1951 የተመሠረተው የሆስፒታሎች ዕውቅና ሰጪ ጥምር ኮሚሽንም ይህንኑ ወረሰ። ማን ፈቃድ ያገኛል፣ ማን ይታገዳል፣ የማን ቀዶ ሕክምና ይመረመራል የሚለውን የሚወስነው፣ ወይም ለቦርዱ አሳብ የሚያቀርበው፣ ይኸው ማኅበር ሆነ። ሰብሳቢውን የሚመርጡት ራሳቸው ሐኪሞቹ ናቸው። ዘመኑ ባብዛኛው አንድ ወይም ሁለት ዓመት ነው፤ ክፍያ የለውም፣ ካለውም እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

ሙያው ራሱን በራሱ የሚገዛበት ጥሩ ሥርዓት ይመስላል፤ በከፊልም ነበር። ግን ሰብሳቢው ቀዶ ሐኪም ነው እንበል። የሚኖረው የውስጥ ደዌ ሐኪሞች በሚልኩለት በሽተኛ ነው። ከነዚህ ላኪዎች አንዱ የበሽተኞቹን መዝገብ በወጉ አይጽፍም፣ ሌሊት ሲጠሩት አይመጣም፣ አንዳንዴም ትንፋሹ መጠጥ መጠጥ ይላል የሚል አቤቱታ ደረሰ። ሰብሳቢው ሊቀጣው ይችላል፤ ደንቡ ይፈቅድለታል። ነገር ግን በቀጣዩ ወር ከዚያ ሐኪምና ከወዳጆቹ የሚመጣው በሽተኛ ይቀራል። በዓመቱ መጨረሻ ሥልጣኑን አስረክቦ ከነሱው ጋር ጎን ለጎን ሊሠራ ነው። የእድር ዳኛ ጎረቤቱን በቀብር ስለቀረ ለመቅጣት ሲያመነታ እንደምናየው ያለ ነገር ነው፤ ነገ በራሱ ድንኳን ሥር የሚቆመው ያው ጎረቤት ነውና። ስለዚህ ጉዳዩ ለኮሚቴ ይመራል፣ ኮሚቴው ቀጠሮ ይሰጣል፣ ቀጠሮው ይዘዋወራል፣ ሰብሳቢውም ዘመኑን ይጨርሳል።

በዚህ ላይ ገንዘቡ መጣ። ሜዲኬር የተባለው የአረጋውያን የመንግሥት መድን በ1965 ሲቋቋም ለሆስፒታሎች ያወጡትን ወጪ ይተካላቸው ነበር፤ በሽተኛው ብዙ ቀን ቢተኛ ሆስፒታሉ የሚጎዳበት ነገር የለም። በ1983 ግን ክፍያው ተለወጠ። ለእያንዳንዱ የሕመም ዓይነት አስቀድሞ የተተመነ አንድ ዋጋ ወጣለት። የሳንባ ምች ይዞት የገባ ሽማግሌ አምስት ቀን ተኛ አሥር ቀን፣ በጣም ለየት ካላለ በቀር ሆስፒታሉ የሚያገኘው ያው ነው። ሐኪሙ ደግሞ በሽተኛው በቆየው ቀን ልክ፣ ባየው ቁጥር መከፈሉን ቀጠለ። እንግዲህ የሆስፒታሉን ትርፍና ኪሳራ የሚወስነው የሐኪሙ እስክሪብቶ ሆነ፤ ምርመራውን ያዘዘው፣ ያስተኛው፣ የሚያስወጣው እሱ ነው፤ ኪሳራው ግን አይነካውም። አስተዳዳሪው ቀን እየቆጠረ ቢነግረው መልሱ አንድ ነው፦ «በሽተኛዬ ገና አልዳነም።» ይህን መልስ ሊፈትን የሚችል ሌላ ሐኪም ብቻ ነው።

የሙያው ሰዎች በ1975 የሕክምና ዳይሬክተሮች አካዳሚ የሚባል ማኅበር መሥርተው ነበር፤ ዛሬ የአሜሪካ የሐኪም አመራር ማኅበር ይባላል። ከ1980ዎቹ ወዲህ ደመወዝተኛው ሜዲካል ዳይሬክተር፣ ወይም አሜሪካኖቹ እንደሚሉት የሕክምና ጉዳዮች ምክትል ፕሬዚዳንት፣ በመካከለኛ ሆስፒታሎች ሳይቀር የተለመደ ሆነ። የቀድሞው ተመራጭ ሰብሳቢ አልጠፋም፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ቀሩ። አንደኛው የሐኪሞቹ ድምፅ ነው፤ ሌላኛው የተቋሙ እጅ ነው። አንዱ ሌላውን በጥርጣሬ ማየቱም የማይቀር ነው።

የሜዲካል ዳይሬክተሩ የቀን ተቀን ሥራ ከውጭ ሲታይ አሰልቺ ነው። አዲስ ሐኪም ሲመጣ የት ተማረ፣ የት ሠራ፣ ለምን ለቀቀ እያለ ማኅደሩን ያገላብጣል። ዓርብ ማታ ለድንገተኛ ክፍል ተጠሪ መሆን የማይፈልገውን የአጥንት ሐኪም ይለምናል፣ ካልሆነም ያስገድዳል። ቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ መሣሪያ የወረወረውን ሰውዬ ቢሮው ጠርቶ ያናግራል። የትኛው መድኃኒት በሆስፒታሉ ዝርዝር ይግባ በሚለው ላይ ፋርማሲስቱንና ስፔሻሊስቱን ያስታርቃል። በድንገት የሞተን በሽተኛ መዝገብ ያስመረምራል፤ ለቤተሰቡም ሊያስረዳ ይገባል። የዕውቅና መርማሪዎች ሲመጡ እሱ ነው የሚመልሰው። ከዚህ ሁሉ ከባዱ የባልደረባን ፈቃድ ማገድ ነው። በአሜሪካ ከ1990 ጀምሮ የሚሠራ ብሔራዊ የሐኪሞች መረጃ ቋት አለ፤ በሙያ ብቃት ወይም በሥነ ምግባር ምክንያት ከ30 ቀን በላይ የታገደ ሐኪም ስሙ እዚያ ይገባል፣ ወደፊት የሚቀጥረው ሆስፒታልም ይህን መዝገብ መጠየቅ ግዴታው ነው። ቅጣቱ ዕድሜ ልክ ስለሚከተል፣ 30 ቀን የማይሞላ እገዳ ሰጥቶ ነገሩን ማለባበስ የታወቀ ማምለጫ ሆኗል። ደካማ ሜዲካል ዳይሬክተር የሚለየው እንዲህ ባለ ቦታ ነው።

እዚህ ላይ የደመወዙ ሚና በግልጽ ይታያል። ይህ ሰው በሽተኛ እንዲልኩለት ባልደረቦቹን አይለምንም። ድምፅ እንዲሰጡትም አይፈልግም። ማክሰኞ ከሰዓት ክሊኒኩ ወረፋ ስለማይጠብቀው የአቤቱታ መዝገብ ቁጭ ብሎ ለማንበብ ጊዜ አለው። ደመወዙ ከባልደረቦቹ ጫና ያወጣዋል፤ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ዋጋው ደግሞ ወዲያው ይጠየቃል። ከነሱ ጫና የወጣው በዋና ሥራ አስፈፃሚው እጅ ውስጥ ገብቶ ነው። ውሉን የሚያድሰው፣ ጉርሻውን የሚወስነው፣ ሲያሻው የሚያሰናብተው አስፈፃሚው ነው። በሽተኞች ቶሎ ይውጡ ሲባል የሕክምና ፍርድ ነው ወይስ የሒሳብ ክፍሉ ትእዛዝ? ሐኪሞቹ ይህን እየጠረጠሩ ያዩታል። በአሜሪካ ሐኪሞች ዘንድ አስተዳደር የገባ ባልደረባ ወደ ጨለማው ጎራ ተሻገረ ተብሎ ይቀለድበታል፤ ቀልዱ ግማሹ የምር ነው።

ብዙዎቹ ለዚህ ያገኙት መፍትሔ በሳምንት ግማሽ ቀንም ቢሆን በሽተኛ ማየት ነው። ምክንያቱ ሁለት ይመስለኛል። አንደኛው ተሰሚነት ነው፤ ትናንት ሌሊት አብሮ ያደረ ሰው ዛሬ ሲናገር ይሰማል። ሁለተኛውን ጮክ ብለው አይናገሩትም፦ ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢነቀል በአንዱ ተንጠልጠል። እጁ ከቀዶ ሕክምና ለአምስት ዓመት የራቀ ቀዶ ሐኪም ነገ ቢባረር የሚመለስበት ሙያ የለውም፤ የሚመለስበት የሌለው ሰው ደግሞ አለቃውን «አይሆንም» ለማለት ይቸገራል። ስለዚህ ያቺ ግማሽ ቀን የነፃነት ዋስትናም ናት።

ከዚህ ሁሉ የተለየ መንገድ የያዙ ቤቶች አሉ። በሚኒሶታ ግዛት ሮቸስተር ከተማ የሚገኘው ማዮ ክሊኒክ አንዱ ነው። ወንድማማቾቹ ዊሊያምና ቻርልስ ማዮ በ1919 የክሊኒኩን ንብረትና አብዛኛውን ሀብታቸውን ለበጎ አድራጎት ድርጅት አስረከቡ፤ ሐኪሞቹም ደመወዝተኞች ሆኑ። ሁለት ታካሚ ያየም አሥር ያየም፣ አንድ ምርመራ ያዘዘም አምስት ያዘዘም የወር ገቢው አይለወጥም። ተቋሙን የሚመራው ሐኪም ነው፤ በየደረጃው ግን ከጎኑ ሐኪም ያልሆነ አስተዳዳሪ ይቆማል፣ ሁለቱም ውሳኔውን አብረው ይሸከማሉ። ይህ ልማድ የቆየ ነው፤ ሃሪ ሃርዊክ የሚባል የባንክ ሠራተኛ የነበረ ወጣት በ1908 በሒሳብ ያዥነት ተቀጥሮ፣ ለአሥርተ ዓመታት ከሐኪሞቹ ጋር የቤቱን አስተዳደር የቀረጸው እሱ ነው። የኃላፊነት ዘመኑን የጨረሰ ሐኪም ወደ በሽተኞቹ መመለሱም እንደ ውርደት አይታይም።

የኦሃዮው ክሊቭላንድ ክሊኒክ በ1921 በአራት ሐኪሞች ተመሠረተ። ከመካከላቸው ጆርጅ ክራይል፣ ፍራንክ ባንትስና ዊሊያም ሎወር በአንደኛው የዓለም ጦርነት በፈረንሳይ በወታደር ሆስፒታል አብረው ያገለገሉ ነበሩ፤ የየሙያው ሐኪም እንደ አንድ ቡድን ሲሠራ ያዩት እዚያ ነው። እዚያም ሐኪሞቹ ደመወዝተኞች ናቸው፤ ውላቸው የአንድ ዓመት ብቻ ነው፣ በየዓመቱ ተገምግሞ ይታደሳል። ከ2004 እስከ 2017 ተቋሙን የመሩት ቶቢ ኮስግሮቭ የልብ ቀዶ ሐኪም ነበሩ፤ የተኳቸው ቶሚስላቭ ሚሃልዬቪችም እንዲሁ የልብ ቀዶ ሐኪም ናቸው።

እነዚህን ቤቶች ሲያነሱ ብዙዎች «ያው ሐኪም ስለመራቸው ነው» ይላሉ። እኔ የማየው ሌላ ነው። በማዮም በክሊቭላንድም አለቃውም፣ የሚታዘዘውም ከአንድ ምንጭ ይከፈላሉ፤ የበሽተኛ መላላክ ዕዳ በመካከላቸው የለም። ተመራጩ ሰብሳቢ የሚፈራው ነገር ከሥሩ ተነቅሏል። ቤቱ ባይለወጥና አንድን ሐኪም ብቻ ደመወዝ ከፍለው ወንበር ላይ ቢያስቀምጡት ውጤቱ ያው ሊሆን አይችልም።

ስለ ሐኪም አመራር የሚጠቀሰው ቁጥርም ጥንቃቄ ይፈልጋል። በ1935 ከአሜሪካ ሆስፒታሎች 35 በመቶ ያህሉን የሚመሩት ሐኪሞች ነበሩ፤ በ2008 ወደ 4 በመቶ ወርዶ ነበር፤ ከ6,500 ገደማ ሆስፒታሎች 235 ብቻ ማለት ነው። የሆስፒታል አስተዳደር ራሱን የቻለ ሙያ ሆኖ፣ የራሱ ማስተርስ ዲግሪ ወጥቶለት፣ ሐኪሙ ገሸሽ አለ። ከዚያ በ2011 አማንዳ ጉዳል የተባሉ ተመራማሪ አንድ ጥናት አወጡ። በካንሰር፣ በሆድ ዕቃና በልብ ሕክምና በአንድ የአሜሪካ ሆስፒታሎች የደረጃ ዝርዝር ከፍተኛ ደረጃ ያገኙ መቶ መቶ ሆስፒታሎችን ወስደው ሲያነጻጽሩ፣ ዋና ሥራ አስፈፃሚያቸው ሐኪም የሆነባቸው በጥራት ነጥብ 25 በመቶ ያህል በልጠው ተገኙ። ይህ ቁጥር ለሐኪም አመራር ደጋፊዎች መፈክር ሆኗል። ተመራማሪዋ ራሳቸው ግን ያሳዩት ተያያዥነትን እንጂ መንስኤን አለመሆኑን ተናግረዋል። ሐኪሙ ሆስፒታሉን ጥሩ አደረገው ወይስ ጥሩው ሆስፒታል ታዋቂ ሐኪም ለመሾም አቅም አገኘ? ደረጃው ራሱ በከፊል የሚሰላው ስፔሻሊስቶች ስለሆስፒታሎቹ ባላቸው አስተያየት መሆኑን ስናስብ፣ ዝነኛ የልብ ሐኪም የሚመራው ቤት በሌሎች የልብ ሐኪሞች ዘንድ ቢወደስ አይገርምም። ግምት ለማሳደር ይበቃል፤ ለማስረጃነት ግን አይበቃኝም።

ሐኪም መሆን ብቻውን እንደማይበቃ ያሳየው ብሪታንያ ነው፤ በጣም መሪር በሆነ መንገድ። እዚያ ሐኪሞቹ ድሮም የመንግሥት ደመወዝተኞች ናቸው። በ1983 የሱፐርማርኬት ኩባንያ ኃላፊ የነበሩት ሮይ ግሪፊትስ በሆስፒታሎች ውስጥ ኃላፊው ማን እንደሆነ አይታወቅም ብለው ለመንግሥት ሪፖርት አቀረቡ፤ ከዚያ በኋላ ዋና ሥራ አስኪያጅ በየቦታው ተሾመ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሆስፒታሎች ራሳቸውን የቻሉ ትረስቶች ሲሆኑ ደግሞ በየቦርዱ አንድ ሜዲካል ዳይሬክተር መቀመጥ ግዴታ ሆነ። በወረቀት ሲታይ ምንም የጎደለ የለም።

በብሪስቶል ከተማ ግን የሆስፒታሉ ዋና ሥራ አስፈፃሚ ዶክተር ጆን ሮይላንስ የራጅ ሐኪም ነበሩ። ከ1992 ጀምሮ ሜዲካል ዳይሬክተሩ ጄምስ ዊሽሃርት የልብ ቀዶ ሐኪም ነበሩ። በ1988 ወደዚያ የመጡት የሰመመን ሐኪም ስቲቨን ቦልሲን፣ በልባቸው ላይ ቀዶ ሕክምና የሚደረግላቸው ሕፃናት ከሚገባው በላይ እየሞቱ መሆኑን አስተዋሉ፤ መረጃ ሰበሰቡ፣ ለዓመታትም ተናገሩ። ለማን ይናገሩ? አቤቱታ የሚቀርብበት ክፍል ዋና ሐኪምና አቤቱታ የሚሰማው ሜዲካል ዳይሬክተር አንድ ሰው ናቸው። ከሳቸው በላይ ያሉት ሐኪም አስፈፃሚ ደግሞ የሕክምና ውሳኔ የሐኪሞቹ ነው፣ እኔ ጣልቃ አልገባም የሚል እምነት ነበራቸው። ይህ እምነት ከሐኪም የተወረሰ ነው፤ ባልደረባህን አትንካ የሚለው የቆየ ጨዋነት ወንበር ላይ ሲወጣ የሚመስለው ይህንን ነው። በጃንዋሪ 1995 ማስጠንቀቂያ እየተሰማ አንድ ሕፃን ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፤ ሞተ። ከዚያ በኋላ ነው ነገሩ ወደ ውጭ የወጣው።

የብሪታንያ የሐኪሞች ምክር ቤት በ1998 ሮይላንስንና ዊሽሃርትን ከሙያ መዝገብ ሰረዛቸው። የሮይላንስ ጉዳይ ለአስተዳደር ሐኪሞች ሁሉ ትምህርት ሆነ፤ ቢላ አልያዙም፣ በሽተኛ አላዩም፤ ጥፋታቸው እያወቁ አለማስቆማቸው ነው። አሁን የሥራ አስኪያጅ ሥራ ነው የምሠራው ብለው ያቀረቡት ይግባኝ በ1999 ውድቅ ተደረገ። በ2001 የወጣው የኬኔዲ ሪፖርት በ1991 እና በ1995 መካከል በተመሳሳይ ሆስፒታሎች ከሚጠበቀው በላይ ዕድሜያቸው ከአንድ ዓመት በታች የሆኑ ከ30 እስከ 35 ሕፃናት መሞታቸውን አሰፈረ። ሜዲካል ዳይሬክተሩ ደመወዝተኛ ነበር፣ ሐኪም ነበር፣ ቦርድ ላይ ተቀምጦ ነበር። ያልነበረው ከራሱ ውጭ ወደ ቦርዱ የሚደርስ ሌላ በር ነው።

በአሜሪካም ነገሩ አሁን መልኩን እየቀየረ ነው። የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር በ2018 ባካሄደው ጥናት በተቀጣሪነት የሚሠሩ ሐኪሞች የራሳቸው ክሊኒክ ካላቸው ለመጀመሪያ ጊዜ በልጠው ተገኙ፦ 47.4 በመቶ ከ45.9 በመቶ ጋር። ሆስፒታሎች ክሊኒኮችን ገዝተዋል፤ የተኙ በሽተኞችን ብቻ የሚያክመው ሆስፒታሊስትም ተስፋፍቷል። በዚህ ሥራ ላይ የተሰማሩ ኢትዮጵያውያን ሐኪሞች በየሳምንቱ ስንት በሽተኛ እንዳዩ፣ ከቀኑ በስንት ሰዓት እንዳስወጡ የሚያሳይ ሰንጠረዥ ሲመጣላቸው የላከው ብዙ ጊዜ ሜዲካል ዳይሬክተሩ መሆኑን ያውቃሉ። ድሮ የሚያግባባ ሰው ነበር፤ አሁን አለቃ ሆኗል። ማዮም ደመወዝ ይከፍላል፣ እነዚህም ደመወዝ ይከፍላሉ፤ ልዩነቱ የኋለኞቹ ደመወዝ ብዙ ጊዜ በታየው በሽተኛ ቁጥር ከፍና ዝቅ ማለቱ ነው። የሐኪሙ አለቃ ሐኪም መሆኑ እዚህ ላይ መጋረጃ እንዳይሆን እፈራለሁ፤ ትእዛዙ የሒሳብ ክፍሉ፣ ፊርማው የሐኪም።

ኢትዮጵያ ወደዚህ ውይይት የገባችው ከሌላ አቅጣጫ ነው። ለረጅም ጊዜ የመንግሥት ሆስፒታልን የሚመራው ሐኪም ነበር፤ ሜዲካል ዳይሬክተር ተብሎ ሕክምናውንም፣ ግዥውንም፣ የመኪና ነዳጁንም ይፈርማል። በ2006 ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ከክሊንተን ፋውንዴሽንና ከየል ዩኒቨርሲቲ ጋር የሆስፒታል አስተዳደር ማሻሻያ ጀመረ፤ በጅማ ዩኒቨርሲቲም የሆስፒታል አስተዳደር ማስተርስ ተከፈተ። ከዚያ የወጣው አሠራር፣ በ2010 በመመሪያ ተጠናክሮ፣ ዋና ሥራ አስፈፃሚውን ከሜዲካል ዳይሬክተሩ ለየ፤ ሆስፒታሎችም ቦርድ ኖራቸው፣ ገቢያቸውን መልሰው መጠቀም ጀመሩ። አሜሪካ ከአስተዳዳሪው ጎን ሐኪም ስታስቀምጥ፣ እኛ ሐኪሙ ላይ አስተዳዳሪ አስቀመጥን። ሐኪሙን ከነዳጅ ፊርማ ማላቀቁ ተገቢ ነበር።

ግን የኛው ሜዲካል ዳይሬክተር ከአሜሪካው ተመራጭ ሰብሳቢ ብዙም የማይርቅ ችግር አለበት። በመንግሥት ሆስፒታል ሁሉም ሐኪም ደመወዝተኛ ነው፤ ሆኖም ብዙው ስፔሻሊስት ከሰዓት በኋላ በግል ክሊኒክ ይሠራል፣ ዋናው ገቢውም ከዚያ ነው። ዳይሬክተሩ ግን ቢሮ ተቀምጦ ይውላል፤ በኃላፊነቱ የሚታከልለት አበል ከሰዓት ያጣውን አይተካለትም። ስለዚህ ወይ እሱም ከሰዓት ወደ ግል ክሊኒክ ይሄዳል፣ ያኔ የቀረውን ባልደረባ የሚጠይቅበት አፍ አይኖረውም፤ ወይ ኃላፊነቱን እንደ ግዳጅ ቆጥሮ የሚለቅበትን ቀን ይጠብቃል። የዲዩቲ ፕሮግራም ማን ምን ያህል ይያዝ፣ በሆስፒታሉ የግል ሕክምና ክፍል (ፕራይቬት ዊንግ) ማን ይመደብ የሚለውን የሚፈርመውም እሱ ነው፤ የባልደረቦቹ ገቢ በፊርማው ያልፋል፣ የሱ ሰላም ደግሞ በነሱ ፈቃድ ያልፋል። በዚያ የግል ክሊኒክ ምናልባትም ነገ የሚቀጥረው ዛሬ የሚቆጣጠረው ሰው ሊሆን ይችላል።

በዚህ ላይ የሜዲካል ዳይሬክተሩ ተጠሪነት ለሥራ አስፈፃሚው ነው፤ ቦርዱ ፊት የሚቀርበውም በአብዛኛው እሱ ሲፈቅድለት ነው። ሞትን የሚመረምረው ኮሚቴ ቃለ ጉባኤ የት ይደርሳል? ነርስ ወይም ሬዚደንት ስለ አንድ ሲኒየር የምታቀርበው አቤቱታ፣ ሲኒየሩ የዳይሬክተሩ የክፍል ጓደኛ ቢሆን፣ በማን በኩል ይወጣል? በየሆስፒታሉ መተዳደሪያ ደንብ ሁለት ነገር ቢገባ ብዙ ወጪ አይጠይቅም፦ ሜዲካል ዳይሬክተሩ በሩብ ዓመቱ ሥራ አስፈፃሚው በሌለበት ቦርዱን እንዲያነጋግር፣ እና በዳይሬክተሩ ወይም በራሱ ክፍል ላይ የሚነሳ የሕክምና ጥራት አቤቱታ ከሆስፒታሉ ውጭ በተመደበ ሐኪም እንዲታይ። የኃላፊነት አበሉ ግን ገንዘብ ይፈልጋል። በግል ክሊኒክ ከሚገኘው የማይወዳደር ከሆነ፣ ቢያንስ ለኃላፊነቱ ዘመን ከሰዓቱን የሚገዛ መሆን አለበት።